የአሥራ አራት ዓመት ጆሮ

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው መርሳን አልፎ የሀብሩን ምድር ሲጨርስ አምባሰል ይገባል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን የሁለቱ፣ የአምባሰልና የባቲ፣ ስም የወሎ አገር ስም ነው። በዚህ መንገድ ዳር የተወለደ ልጅ ጆሮው የሚቃኘው አፉን ሳይፈታ ነው። ኤሪን ሃነንና ሳንድራ ትሬሃብ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕፃናት ዓመት ሲሞላቸው በባህላቸው የለመዱት ምት ሲዛነፍ ቶሎ ይለያሉ፤ በባዕዱ ምት ላይ ግን እንደ አዋቂዎች ይቸገራሉ።

ሁለተኛው መቃኛ ጉርምስና ነው። ኬሊ ያኩቦውስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳዩት፣ ትዝታ ከሚቀሰቅሱ ዘፈኖች ከሁሉ በላይ የሚበዙት ሰው አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሳለ የወጡት ናቸው። በዚያ ዕድሜ ስሜት ይበረታል፤ ጓደኛና ፍቅር ይመጣሉ፤ ልጁም እኔ ማን ነኝ ማለት ይጀምራል። ዘፈኑ ከዚህ ሁሉ ጋር ተጋምዶ ይቀመጣል። ታዲያ ለዘፈኑ የነበረን ፍቅር ከበረደ ከዓመታት በኋላ ካሴቱን መልሰን ስንከፍተው የምንሰማው ሙዚቃውን ነው ወይስ ራሳችንን?

ለዚህ ጥያቄ ከኃይሉ መርጊያ የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁም፤ ሙዚቃው በአብዛኛው ግጥም የለውማ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር ለሥራ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከሪትም ማሽን ጋር ብቻውን እየደራረበ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ኑሮውን በታክሲ ሹፌርነት ገፋ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ከአንድ ሙዚቃ ቤት አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ።

ጥያቄውን ለመመለስ ግን መጀመሪያ የሙዚቃ ደስታ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ቫሎሪ ሳሊምፑርና ባልደረቦቿ ሞንትሪያል ውስጥ በሠሩትና በ2011 በታተመው ጥናት፣ የሚወዱትን ሙዚቃ በሚሰሙ ሰዎች አእምሮ ውስጥ ዶፓሚን ሁለት ጊዜ ይለቀቃል፤ አንዴ የሚያንዘፈዝፈው ቦታ ሲደርስ፣ አንዴ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ሊደርስ ነው ብለው ሲጠባበቁ። አእምሮ እየገመተ ነው የሚሰማው። ዳንኤል በርላይን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ቀደም ብሎ እንዳስረዳው፣ መውደድ ከመለማመድ ጋር ይጨምራል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ይቀንሳል። አፍላ አድናቂ ካሴቱን እስኪያልቅበት የሚያጫውት ነውና ግምቱ ከልክ በላይ ይሰምራል፤ ሙዚቃውም የሚያስደንቀው ነገር ያጣል። ሰለቸኝ የሚለው ያኔ ነው። በእኔ እምነት ይህ በሥራው ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም።

ዓመታት ሲያልፉ ግምቱ ይላላል። ሆኖም የመጀመሪያው መልሶ መስማት አታላይ ነው፤ ፒተር ጃናታ በ2009 እንዳሳየው፣ ከሕይወታችን ጋር የተያያዘ ሙዚቃ ከግንባራችን ጀርባ ያለውን፣ ስለ ራሳችን ስናስብ የሚሠራውን የአእምሮ ክፍል ያነቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመጣው ሰፈሩና ሰው ነው። ሁለቴ ሦስቴ ሲደገም ነው የኃይሉ እጅ የሚለየው፤ ማሽኑ ሳይዛነፍ ሲመታ የአኮርዲዮኑ ትንፋሽ ከምቱ ትንሽ ዘግየት ይላል፣ የቀኝ እጁ ዜማ ደግሞ እንደ አዝማሪ ድምፅ ይጎነጎናል። አንዳንዱ ዜማ ድግግሞሹ በዝቶ ይሳሳል፤ ያም አሁን ይሰማል። የቀረው ግን ጓደኛም ጉርምስናም ሳያግዘው የቆመ ነው።

ካሮል ክራምሃንስልና ጀስቲን ዙፕኒክ በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው አሜሪካውያን ተማሪዎች ከራሳቸው ዘመን ዘፈኖች ሌላ ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ጊዜ ለወጡትም ልዩ ፍቅር ነበራቸው። ቤት ውስጥ ሲሰሙት አድገዋልና። ወልድያ ወይም መርሳ ላይ አንድ አባት ትቶት የነበረውን ካሴት ዛሬ መልሶ ሲከፍት፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ አጠገቡ ካለ፣ ያው ዜማ ለአንደኛው ሁለተኛ፣ ለሌላው የመጀመሪያ ጆሮ ያገኛል።