የጳጉሜን ስድስተኛ ቀንና የነጋዴው መዝገብ

በዳንግላ ገበያ ኑግ ገዝቶ በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ያስፈልገዋል። የገዛበትንና የከፈለበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል፤ የመርከብ ጭነት ሰነዱ ግን የሚመጣለት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሒሳቡን በኮምፒውተር የያዘ እንደ ሆነ፥ ሁለቱን የማስማማቱ ሥራ በፕሮግራሙ ላይ ይወድቃል። ፕሮግራሙ በአንድ ቀን ቢሳሳት ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ስለ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ባወጣው ደንብ መሠረት፥ ሌላ ቀን ካልተወሰነ በቀር፥ ላኪው ዕቃው ከተጫነ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ሰነዱን ለባንክ ማቅረብ አለበት። ዕቃው ነሐሴ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ተጭኖ ቢሆን፥ በዚያ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበራት፥ የመጨረሻው ቀን መስከረም 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን ናት ብሎ የሚቆጥር ፕሮግራም ግን መስከረም 8 ይላል። ነጋዴው ይህን አምኖ በማግሥቱ ቢቀርብ፥ ባንኩ ሰነዱን ጊዜው አልፎበታል ብሎ ሊመልስበት ይችላል።

ለመዝገብ ከሚያገለግሉት የመረጃ ቋቶች አንዱ ፖስትግሬስ ይባላል። የቀን ስሌቱ የተሠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ይሁን እንጂ ባለሙያ ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የቀን መለወጫ ጽፎ ሊቀጥልበት ይችላል። ይህን ቅጥያ የሚፈትን መሣሪያም ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ ይገኛል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በአንድ ፋይል ጥያቄዎች ይጻፋሉ፤ በሌላው የሚጠበቁት መልሶች ይቀመጣሉ። መሣሪያው ለፈተና ብቻ የሚሆን የመረጃ ቋት ከፍቶ ጥያቄዎቹን ያቀርባል፤ የተገኘውን መልስ ከሚጠበቀው ጋር ያስተያያል፤ ልዩነት ቢኖር የተለየውን መስመር ለይቶ ያወጣል። የነጋዴው እውነተኛ መዝገብ አይነካም። ፕሮግራሙ በተሻሻለ ቁጥርም ይኸው ፈተና በአንድ ትእዛዝ ይደገማል።

ለፈተና የሚመረጡት አስቸጋሪዎቹ ቀኖች ናቸው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፥ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ሊሆን ይገባል። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ተብሎ ሲጻፍለት ግን፥ እንዲህ ያለ ቀን ስላልነበረ፥ ፕሮግራሙ አልቀበልም ማለት አለበት።

ሆኖም መሣሪያው ያስተያያል እንጂ አይፈርድም። የሚጠበቀው መልስ ከፕሮግራሙ ከራሱ የተገለበጠ እንደ ሆነ፥ ስሕተቱ እንደ እውነት ተቆጥሮ ያልፋል። ሚዛን የሚፈተነው ክብደቱ በታወቀ ድንጋይ ነው እንጂ ሚዛኑ ራሱ በመዘነው እህል አይደለም። መልሱም ከታመነ የቀን መቁጠሪያ መወሰድ ይገባዋል።

ስለዚህ ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ፥ በዳንግላም ሆነ በሌላ ከተማ፥ ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል፤ ይኸውም የትኞቹ ቀኖች እንደ ተፈተኑና መልሶቹ ከየት እንደ ተወሰዱ ነው።