አባት ሲገባ ልጁ ለምን ዝም ይላል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከወላጆች ጋር ስሠራ እናቶች ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር አለ፦ «አባቱ ሲገባ ልጁ ጸጥ ይላል።» አባትየው ይህን መከበር ይለዋል። እኔ መራራቅ ነው የምለው።

የጎጃም አባት ለልጁ አይሰንፍም፤ አርሶ ያበላል፣ ከብት ሸጦ ያስተምራል። ማውራቱ ላይ ነው ችግሩ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለድ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል አጡላት፤ የእሷን ልብ ግን ማን ጠየቀ?

የሕፃን አእምሮ የሚደራጀው በምልልስ ነው። እሱ ድምፅ ያሰማል፣ ትልቁ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየ ይመልስለታል፤ ቋንቋውም መተማመኑም ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ «ትንሽ ጠንከር ይበል፣ ያኔ እይዘዋለሁ» የሚል አባት ዋናውን ጊዜ ያሳልፋል። (ሕጉም ብዙ አያግዝም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጣሪ እናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት 3 ቀን ነው። ገበሬውንማ ጭራሽ አይመለከተውም።)

ከልጅ ጋር ማውራት ገንዘብ አይጠይቅም፣ ፊደል መቁጠርም። ማታ ከብት እያስገቡ «ቦራ ዛሬ ለምን አነከሰ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅና መልሱን እስከ መጨረሻው መስማት ይበቃል። አለማቋረጡ ነው የሚከብደው።

አንድ አባት «የልጅዎ ጓደኛ ማን ይባላል?» ብላቸው ግራ ገባቸው። በሳምንቱ ሦስት ስም ይዘው መጡ። አንዱ የውሻ ነበር።