የጭቃ በሬ ለምን ይሰነጠቃል?

ከሱሉልታ ሜዳ በተነሣ ጥቁር ዋልካ የተበጀ በሬ ርጥብ ሳለ ያምራል። ፀሐይ ላይ ሲውል ግን እግሩ ከሆዱ ይለያያል፣ ቀንዱም ይረግፋል። ተማሪው የሚያዝነው፣ መምህሩም ነጥብ የሚቀንሰው በዚህ ስንጥቅ የተነሣ ነው። በእኔ እምነት ግን ለእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የሚታዘዘው ትንሽ ቅርጽ ዋና ትምህርቱን የሚሰጠው ሲሰነጠቅ ነው። ነጥቡም ለበሬው መልክ ሳይሆን ልጁ የስንጥቁን ምክንያት ለማወቁ ቢሰጥ ይሻላል።

ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በክረምት ማጥ የሚሆነው መሬት በበጋ አፉን የሚከፍተው ለዚሁ ነው። የበሬው ቀጭን እግር ቶሎ ደርቆ ሲኮማተር ወፍራሙ ሆድ ገና ርጥብ ነው፤ ሁለቱ መገጣጠሚያው ላይ ይጓተቱና እግሩ ይበጠሳል። ብዙ ልጆች እንዲጠነክር ብለው እንጨት ይሰኩበታል። ይህ ግን ያባብሰዋል፤ ጭቃው ሲኮማተር እንጨቱ ባለበት ስለሚጸና ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል። ሸክላ ሠሪዎች ለዚህ መላ አላቸው፦ ገል ወቅጠው ከአፈሩ ጋር ያቦኩታል። ገሉ አንዴ በእሳት ያለፈ ስለሆነ ዳግም አይኮማተርም። ገል ያጣ አሸዋ ወይም የደቀቀ ድርቆሽ ይቀላቅል፤ ሱሉልታ መቼም በድርቆሽ አትታማም። ከዚያ ሆዱን ቦርቡሮ ማሳሳትና ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ማድረቅ ነው። ጭቃ የማይፈልግ ቤት ደግሞ የአሮጌ ደብተር ወረቀት ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ፣ በዱቄት ሙጫ ማሸት ይችላል። ወረቀቱም ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ነገር ግን ጭረቶቹ እርስ በርስ ስለተቆላለፉ እንደ ዋልካ በቀላሉ አይበጠስም።

ይህ ሁሉ የልጆች ጨዋታ ነው የሚል ሰው ከጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችውን ወለቃን ያስታውስ። የቤተ እስራኤል ሴቶች በዚያ አንበሳን፣ ንጉሥ ሰለሞንንና ንግሥተ ሳባን በመዳፍ በሚያዝ መጠን ከሸክላ እየሠሩ ለጎብኚ ሲሸጡ ኖረዋል። በዚያ መጠን መሥራታቸው ለተጓዥ ሻንጣ ብቻ የሚመች አይደለም፤ ቀጭንና ትንሽ ሸክላ በእኩል ይደርቃል፣ እሳትም ዘልቆ ያበስለዋል። ያም ሆኖ ይህን ዕውቀት የያዙ ባለእጆች “ቡዳ” ሲባሉ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይመሰክራል። እንግዲህ ትምህርት ቤት ለጭቃ ሥራ ነጥብ ሲሰጥ፣ አገሩ ለዘመናት የናቀውን ዕውቀት መዝገብ ላይ እያሰፈረ ነው።

“ሥራውን የሚሠሩት እኮ ወላጆች ናቸው” የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። የሚያምረውን ብቻ የሚሸልም መምህር ራሱ ወደዚያ ይገፋፋል፤ ያማረ በሬ ከእናትም ከገበያም ይገኛልና። የተሰበረውም አብሮ ይምጣ ቢባልና ልጁ ምን እንደቀላቀለበት፣ የት አድርቆት የት እንደተሰበረ ቢጠየቅ ግን የተገዛ በሬ ያጋልጠዋል። ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል ለሚል መምህርም፣ ለአንድ ልጅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ከመልክ ዳኝነት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል እንጂ አይበልጥም። ከሱቅ የሚገዛውን ባለቀለም ፕላስቲሲን የሚመርጡም አሉ። ንጹሕ ነው፣ እጅ አያቆሽሽም፣ ቀለሙም ያምራል። ግን አይደርቅም፤ ስለማይደርቅም አይሰነጠቅም።