ያውቁ ኖሯል? የሱቅ በር ማንቂያና ሁለት ጠርሙስ ወይን

በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ሮናልድ አሳፍ በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ የአንድ ክሮገር ሱፐርማርኬት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። አንድ ሌባ ሁለት ጠርሙስ ወይን ይዞ ሲወጣ ከኋላው ቢሮጡም አልደረሱበትም። ሴንሶርማቲክ የተባለው የፀረ ስርቆት መሣሪያ ኩባንያ የተወለደው ከዚያ ንዴት ነው።

ዛሬ በሻምፑ ወይም በምላጭ ማሸጊያ ላይ የምትለጠፈውን ነጭ የፕላስቲክ የፀረ ስርቆት መለያ ቢቀዷት ውስጧ ስስ የብረት ቅጠሎች ይገኛሉ። በሩ ላይ የቆሙት ምሰሶዎች በሴኮንድ 58 ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ማግኔታዊ ሞገድ ይለቃሉ። ቅጠሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ምሰሶው ለቅጽበት ዝም ሲልም መንቀጥቀጡን አያቆምም። መሣሪያው የሚያዳምጠው ያንን ነው፤ ሲሰማም ይጮኻል። ሒሳብ ሲከፈል ካሸሯ ዕቃውን የምታሳልፍበት ሰሌዳ በመለያዋ ውስጥ ያለውን ማግኔት ያጠፋዋል፤ ደንበኛውም በሰላም ይወጣል።

ይሁንና ከመደብር የሚጎድል ዕቃ ሁሉ በሌባ እጅ በበር አይወጣም። የአሜሪካ ብሔራዊ የችርቻሮ ነጋዴዎች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2022 የዘርፉን ጉድለት 112.1 ቢሊዮን ዶላር፣ ማለትም ከሽያጩ 1.6 በመቶ ገምቶታል። የውጭ ሌቦች ድርሻ 36 በመቶ፣ የሠራተኞች ስርቆት 29 በመቶ ነበር። 27 በመቶው ደግሞ የአሠራርና የቁጥጥር ስህተት ነው፦ በትክክል ያልተቆጠረ ካርቶን፣ የተሳሳተ ዋጋ፣ የተዛባ ምዝገባ። ለዚህ ማንቂያው ደንቆሮ ነው።

ለቆጠራው ችግር ሌላ መለያ ተሞክሯል፦ የአሜሪካው የችርቻሮ ኩባንያ ዋልማርት እ.ኤ.አ. በ2003 ዋና ዋና 100 አቅራቢዎቹን፣ እስከ ጥር 2005 ድረስ በካርቶኖቻቸው ላይ በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ መለያ እንዲለጥፉ ጠይቆ ነበር። እንዲህ ያለው መለያ ካርቶኑ ሳይከፈት ከሩቅ ይነበባል።