«አንዴ ከተጫነ አይጠፋም»፦ ሲዲን በቤት ሰርቨር ስለመተካት የሚባለውና እውነታው

የቤት ሙዚቃ ሰርቨር ማለት ዘፈን የተጫነበት፣ ሳይጠፋ የሚውልና በቤቱ ዋይፋይ አማካኝነት ለስልክ፣ ለቴሌቪዥንና ለድምፅ ማጉያ ሙዚቃ የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው። ልዩ ዕቃ መግዛት አይጠይቅም። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል፤ አለዚያም ራስበሪ ፓይ የምትባለው መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር ትሠራዋለች። እንደ ናቪድሮምና ጄሊፊን ያሉት ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። ፍላክ በተባለው፣ ከድምፁ ቅንጣት ሳይቀንስ በሚያጥፈው የፋይል ዓይነት ቢቀዳ እንኳ ሦስት መቶ ሲዲ አንድ መቶ ጊጋባይት ገደማ ላይ ያርፋል። አንድ ግድግዳ የያዘ ክምችት ኪስ በምትገባ ሀርድ ዲስክ ላይ ያልቃል ማለት ነው።

ይህ ምቾት ነው ብዙ ጥፋት ያስከተለውን አባባል የወለደው፦ «አንዴ ከተጫነ አይጠፋም፤ ሲዲው ከእንግዲህ ቦታ ማጣበብ ነው»።

አባባሉ መሠረት የለውም አይባልም። በራያ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በጎብዬም ሆነ በሮቢት፣ ሲዲ የሚያጫውት ደህና መሣሪያ ማግኘት እየቸገረ ነው። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች የሲዲ ማስገቢያ የላቸውም። የራያ ቆላ ደግሞ ለሲዲ ክፉ ነው። በጋ ላይ አቧራው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ ቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ መደርደሪያ ከሰዓት በኋላ ይግላል። ሙቀቱ የሚጎዳው ግን ሁሉንም ሲዲ እኩል አይደለም። ፋብሪካ የታተመ ሲዲ መረጃው በፕላስቲኩ ላይ ተጨፍልቆ የተቀረጸ ስለሆነ በደህና ከተያዘ ብዙ ዓመት ይቆያል። በኮምፒውተር የተቃጠለው ግን መረጃውን የሚይዘው በቀለም ነው፤ ያ ቀለም በሙቀትና በብርሃን ይደበዝዛል። በሙዚቃ ቤቶችና በመንገድ ዳር ከተሸጡት ሲዲዎች፣ በየሠርጉ ከተሰጡትም ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። አንዱ አሥራ አምስት ዓመት ሲያገለግል ከጎኑ ያለው በሦስት ዓመት ሊከዳ ይችላል፤ የትኛው እንደሚቀድም አስቀድሞ የሚናገር የለም።

ሌላም የተለመደ ስህተት አለ። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለሚያብለጨልጨው ለታችኛው ፊት ነው። በዚያ በኩል 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ መረጃውን ይከልላል፤ ቀላል ጭረት በማጽጃ ይለቃል። መረጃው ያለው ስም በሚጻፍበት በላይኛው ፊት ሥር፣ ከስስ ቫርኒሽ በታች ነው። በእስክሪብቶ ጫን ብሎ የተጻፈ ስም ወይም ተለጥፎ የተላጠ ወረቀት የዘፈኑን ክፍል ይዞ ይሄዳል፤ ያ ደግሞ አይጠገንም። ስለዚህ ሲዲ ሳይሞት መቅዳት ትክክል ብቻ ሳይሆን አስቸኳይም ነው። ስህተቱ «አይጠፋም» ከሚለው ላይ ይጀምራል።

አንዳንዴ ጥፋቱ ገና በቅጂው ይደርሳል። የሙዚቃ ሲዲ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ዊንዶውስ «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እያለ የሚደረድራቸው ሲዲኤ የተባሉ ፋይሎች ዘፈን አይደሉም። እያንዳንዳቸው 44 ባይት ብቻ ናቸው፤ ዘፈኑ ሲዲው ላይ ከየት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ይጠቁማሉ እንጂ ድምፅ አልያዙም። እነዚህን ጎትቶ ሀርድ ዲስክ ላይ ያስቀመጠ ሰው፣ ሲዲው ከውስጥ እስካለ ድረስ ሁሉም ሲዘፍን ይሰማል። ሲዲው ወጥቶ ከተጣለ በኋላ የቀረው ባዶ ስም ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ሳይታጠፍ የተቀዳ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 50 ሜጋባይት ገደማ ይመዝናል፤ ፋይሉ አንድ ኪሎባይት እንኳ ካልሞላ ምንም አልተቀዳም። በትክክል ለመቅዳት ሲዲውን የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የተባለው ነጻ ፕሮግራም አንዱን ትራክ ሁለት ጊዜ አንብቦ ሁለቱ ንባቦች መግጠም አለመግጠማቸውን ያሳያል፤ ካልገጠሙ ሲዲው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የሠርግ ቪሲዲ ከሆነ ምስሉ ያለው ኤምፔግኤቪ በሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። እርሱ ሳይገለበጥ የሲዲውን ምልክት ብቻ ዴስክቶፕ ላይ ያኖረ ሰው ሠርጉን አላኖረም።

ቅጂው በትክክል ቢያልቅስ? ሀርድ ዲስክ የሚሽከረከር ማሽን ነው፤ ያረጃል፣ ይወድቃል፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚገባው ኃይለኛ ፍሰት ይቃጠላል። ፋይል እየጻፈ ሳለ መብራት የተቋረጠበት ዲስክ የፋይሎቹን ዝርዝር ሊያበላሽ ይችላል። በራስበሪ ፓይ ላይ የምትገባው ሚሞሪ ካርድ ለዚህ የባሰች ናት። አሮጌ ላፕቶፕ እዚህ ላይ ይመረጣል፤ ባትሪው ግማሽ ሰዓት እንኳ ከያዘ መቋረጡን ያሳልፋል፣ ሰርቨሩም በወጉ ይዘጋል። ሬይድ የሚባለው፣ ሁለት ዲስክ በአንድ ሳጥን አድርጎ አንዱ የሌላውን ግልባጭ እንዲይዝ የሚያደርገው ዘዴም መጠባበቂያ አይደለም። በስህተት የተሰረዘ ፎልደር ከሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል፤ ሳጥኑን የወሰደ ሌባም ሁለቱን ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚያስቆጣው የሐሰት ፍላሽ ነው። በውጭው 512 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎበት፣ ኮምፒውተሩም 512 ብሎ እያነበበው፣ ውስጡ ግን ከ16 ወይም ከ32 የማይበልጥ ፍላሽ በየገበያው ይሸጣል። እስኪሞላ ድረስ በደህና ይሠራል። ከሞላ በኋላ ቦታ የለኝም አይልም፤ የሚመጣውን ይቀበላል፣ ስሙንና መጠኑን በዝርዝሩ ያስገባል፣ ፋይሉን ግን አይዝም። ባለቤቱ ዝርዝሩን አይቶ ይረካል፣ ሲዲዎቹን ይሰጣል ወይም ይጥላል፤ ከወራት በኋላ መቶኛውን አልበም ሲከፍት የሚሰማው ጭረት ነው፣ ወይም ምንም የለም። ኤፍስሪና ኤችቱቴስትደብልዩ የተባሉ ነጻ ፕሮግራሞች ፍላሹን እስከ አፉ ሞልተውና መልሰው አንብበው እውነተኛ መጠኑን ይናገራሉ። ሰዓታት ይፈጃሉ፤ ቢሆንም አንድም ዘፈን ከመጫኑ በፊት መደረግ ያለበት ይህ ነው። ይህን ሳይፈትሹ እየሸጡ፣ ሳይፈትሹ እየሞሉ፣ «ሲዲውን ጣሉት፣ እኔ ጨርሼዋለሁ» የሚሉ ሰዎች ጥፋቱ ሲገለጥ አጠገብ አይገኙም።

በራያ ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ራያ ቆቦን ሲያዳርስ መብራትና ስልክ ለወራት ጠፍቷል፤ ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። ሲዲውም፣ ሰርቨሩም፣ መጠባበቂያው ዲስክም በአንድ ቤት ከነበሩ ሦስቱም አንድ ዕጣ ነው የሚገጥማቸው። የመጠባበቂያ የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ ከሦስቱ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል። ለጎብዬ ቤተሰብ ይህ ማለት አንዱ በሰርቨሩ ላይ፣ ሁለተኛው ከመብራት ተነቅሎ በሳጥን በተቀመጠ ሀርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው አዲስ አበባ ባለች እህት ወይም ደሴ ባለ አጎት ቤት ማለት ነው። የተነቀለው ዲስክ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ተሰክቶ ከየአልበሙ አንድ ዘፈን ይከፈትበታል። ያልተከፈተ መጠባበቂያ መኖሩ አይታወቅም። ፍላሽ ለሦስተኛ ቅጂ አይመረጥም፤ ሳይሰካ በሙቀት ውስጥ ለዓመታት ከተቀመጠ የያዘውን ቀስ በቀስ ሊለቅ ይችላልና።

ሲዲው ራሱስ? ፋብሪካ የታተመውና በገበያ የሚገኘው ቢጠፋም ብዙ አይጎዳም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ በቡዳ ሙዚክ የታተመው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አንዱ ቁጥር ቢጠፋ ሌላ ይገዛል። የማሪቱ ለገሰም አምባሰል ከዚህም ከዚያም ይገኛል። የማይተካው ሌላው ነው፦ በአንድ ሠርግ ላይ የተቀረጸ የራያ ጭፈራ፣ ከካሴት ወደ ሲዲ የተገለበጠ የአካባቢ ዘፋኝ፣ የአያት ድምፅ ያለበት የማኅበር ቀረጻ። እነዚህ በዓለም ላይ ያላቸው ቅጂ ምናልባት ያች ሲዲ ብቻ ናት። ከደበዘዘችም በኋላ በሌላ ማጫወቻ፣ በዝግታ ንባብ፣ ከዓመት በኋላ በተሻለ መሣሪያ ጥቂት ሊወጣባት ይችላል፤ የተጣለች ሲዲ ግን ይህ ዕድል የላትም። ደግሞ ግልባጩ የተሠራው ከካሴት ከሆነ ካሴቱም አይጣል። የሚገርመው፣ «ጣሉት» የሚለው ምክር የሚደርሰው መጀመሪያ እነዚህ ላይ ነው። ሽፋን የላቸውም፣ በማርከር የተጻፈ ስም እንጂ ሥዕል የላቸውም፤ ቆሻሻ ይመስላሉ።

ስለ ድምፅ ጥራት የሚባለው ለመመለስ ብዙ አያስቸግርም። «ኤምፒስሪውን ወደ ፍላክ ቢቀይሩት ድምፁ ይጠራል» የሚለው ሐሰት ነው። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው፤ ኤምፒስሪ በ128 ሲሠራ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል ይጥላል፣ የተጣለውም አይመለስም። ፋይሉ ሲቀየር የሚያድገው ክብደቱ ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተል አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መንገድ ዳር ከተሸጡት ሲዲዎች ብዙዎቹ ቀድሞውኑ ከኤምፒስሪ የተቃጠሉ ናቸው፤ እነዚህን በፍላክ መቅዳት ጉዳት ባይኖረውም ትርፍ የለውም። አንድ መቶ ሃምሳ ዘፈን የያዘች «ኤምፒስሪ ሲዲ» ደግሞ እንዳለች ትገለበጥ፤ መቀየር አያስፈልጋትም። በተቃራኒው «ኤምፒስሪ ሁልጊዜ ያስታውቃል» የሚሉትም ያጋንናሉ። በ320 የተሠራውን ከሲዲው የሚለይ ጆሮ ጥቂት ነው፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

«ሰርቨር ያለ ኢንተርኔት አይሠራም» የሚባለው ከእውነቱ የራቀ ነው። ስልኩና ሰርቨሩ የሚገናኙት በቤቱ ራውተር ነው፤ ራውተሩ ከውጭ ባይገናኝም ሙዚቃው ይሄዳል። «ኢንተርኔት ላይ ሁሉም አለ፣ ሰርቨር ለምን?» ለሚለው መልስ የሚሰጠው የቅርቡ ታሪክ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በየመተግበሪያው የተቀመጠ ዝርዝር በዚያ ጊዜ አልተከፈተም፤ ቤት ውስጥ የተጫነው ግን መብራት እስካለ ድረስ ዘፍኗል።

ስሞችን በግዕዝ ፊደል መጻፍ አይቻልም የሚለው የድሮ እውነት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ የዘፈን ስሞች ዛሬ የተዘበራረቀ ምልክት ሆነው ይታያሉ፤ እንደገና መጻፍ አለባቸው። ዛሬ ፍላክም ኤምፒስሪም ፊደሉን ይቀበላሉ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። አንዱ አልበም «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ተብሎ ከተመዘገበ ሰርቨሩ እንደ ሁለት ቃል ያያቸዋል፤ አንዱ ሲፈለግ ሌላው አይመጣም። ሲዲው ሲገባ ስሙን ከኢንተርኔት የሚያመጡት ፕሮግራሞችም አንዳንዴ የአባትን ስም አስቀድመው ይደረድራሉ፤ ጥላሁን ገሠሠ «ገ» ሥር ይገኛል። ከመጀመሪያው አንድ የአጻጻፍ ልማድ ይዞ እስከ መጨረሻ በዚያው መሄድ ብዙ ድካም ያድናል።

«የራስን ሲዲ መቅዳት ወንጀል ነው» የሚሉም አሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ ታትሞ የወጣን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል። አዋጁ ስለ አንድ ቅጂ ስለሚናገር ለመጠባበቂያ የሚሠራው ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጂ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፤ ከቤተሰብ እስካልወጣ ድረስ የሚጠይቅ መኖሩ ግን ያጠራጥራል። የጎረቤትን ፍላሽ በክፍያ መሙላት ሌላ ነገር ነው፤ ሕጉ የሚከለክለው እርሱን ነው። ሲዲውን ሸጦ ቅጂውን ማስቀረትም የባለመብቱን ድርሻ መንካት ነው። የተገዛችው ሲዲ በእጅ ከቀረች ግን ቅጂው ከየት እንደመጣ ለማሳየት ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።