በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ ለእናቴ የላክሁት የባሕር አረም



አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚሉት በችግር ላይ ሌላ ችግር ሲደረብ ነው። እኔ ይህን ተረት በገዛ እናቴ ላይ፣ ያውም በራሴ ገንዘብና በራሴ እጅ ፈጸምኩት ማለት ይቻላል። ስሕተቴን ለአደባባይ የማቀርበው ብዙዎቻችን በየሻንጣው ወደ አገር ቤት የምንልከው «የተፈጥሮ መድኃኒት» በውስጡ ምን እንዳለ ሳንጠይቅ ስለሆነ ነው።

እናቴ የደጋ ሰው ናት። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት እኔ ከመወለዴ በፊት የነበረ ነው። ከስደት አገር ምን ልላክላት ብዬ ስባዝን፣ ከአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከባሕር አረም የተጨመቀ፣ ፈረንጆቹ ኬልፕ የሚሉትን እንክብል አገኘሁ። «ተፈጥሯዊ፣ ለታይሮይድ ዕጢ ድጋፍ» ይላል። ሁለት ብልቃጥ ገዝቼ በመንገደኛ ላክሁ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ስልክ ተደወለ። ልቧ ይደልቃል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ የላትም፣ እየበላች ትከሳለች። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት «ምን እየወሰዱ ነው?» ብሎ ነበር። ብልቃጡን ስታሳየው ነገሩ ገባው። እንክብሉን አስቁሞ፣ መድኃኒት ሰጥቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ቀስ በቀስ ተሻላት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን እንዳደረግሁ ለመረዳት ብዙ አንብቤአለሁ። የተረዳሁትን እነሆ።

የባሕር አረም ዋናው ጉልበቱ አዮዲን ነው። በእርግጥም አዮዲን የተባለው ንጥረ ነገር መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 ፈረንሳዊው በርናር ኩርቱዋ ለባሩድ የሚሆን ቅመም ከባሕር አረም አመድ ሲያዘጋጅ፣ ወይን ጠጅ መሳይ ጢስ ሲወጣ አይቶ ነው። በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ አዮዲንን ለእንቅርት ሕመምተኞች መስጠት ጀመረ። የብዙዎቹ እንቅርት ቀነሰ። የአንዳንዶቹ ግን ልባቸው መደለቅ፣ ሰውነታቸው መክሳት ጀመረ። እናቴን ያገኛት ነገር እንግዲህ ሁለት መቶ ዓመት ያስቆጠረ፣ የታወቀ ጉዳይ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከአዮዲን ሆርሞን ይሠራል። አዮዲን ሲያጥር አንጎል ሥር ያለች ሌላ ዕጢ «ሥራ፣ ሥራ» እያለች ትወተውተዋለች፤ እሱም ያገኘውን ሁሉ ለመያዝ ሲታገል ያብጣል። እንቅርት ማለት ይህ እብጠት ነው። ዓመታት ሲያልፉ በእብጠቱ ውስጥ እባጮች ይበቅሉና አንዳንዶቹ የአንጎልን ትእዛዝ መስማት ያቆማሉ። አዮዲን እስካነሰ ድረስ ጉዳታቸው አይታይም። ድንገት አዮዲን እንደ ጎርፍ ሲመጣ ግን ያለ ልጓም ሆርሞን ያመርታሉ። ለአረጋዊ ሰው ልብ ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ታዲያ ጎርፉ ምን ያህል ነው? አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ነው። ኮምቡ ከሚባለው የባሕር አረም አንድ ግራም ደረቁ ብቻ ከ2,000 ማይክሮግራም በላይ ሊይዝ ይችላል። ለሱሺ መጠቅለያ የሚውለው ኖሪ ደግሞ እጅግ ያነሰ ነው። እንደ ዓይነቱና እንደ ተቀጠፈበት ባሕር መጠኑ ስለሚለያይ «የባሕር አረም» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግረንም።

ፍርድ እንዳይጓደል፣ የባሕር አረም ውሸት ብቻ ነው አላልኩም። አልጂኔት የተባለው ንጥረ ነገር ለቃር በሚሰጡ መድኃኒቶችና በቁስል መሸፈኛ ውስጥ በትክክል ይሠራል። ፉኮይዳን የተባለው ግን «ካንሰር ያድናል» እየተባለ ቢሸጥም፣ በቤተ ሙከራ ብልቃጥ ውስጥ የታየው ነገር በሰው ላይ አልተረጋገጠም። ደግሞም የደም መርጋትን ሊቀንስ ስለሚችል የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ያሰጋል። ሂጂኪ የሚባለው ዓይነት በውስጡ ባለው አርሴኒክ የተነሳ የካናዳና የብሪታኒያ የምግብ ባለሥልጣናት አትብሉት ብለው መክረዋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት፣ እንዲህ ያለ እንክብል ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እንደሚያድን ማስረጃ ማቅረብ አይጠበቅበትም። ይህ ለቅጠልም ለሥርም ጭማቂ ይሠራል። በሻይ የሚጠጣ ቅጠልና ተጨምቆ በእንክብል የታሸገ ቅጠል አንድ አይደሉም።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ ልምጣ። እናቴ መጀመሪያውኑ እንቅርት ለምን ኖራት? የደጋው አፈር አዮዲኑን ለዘመናት በዝናብ ታጥቦ ስላጣ ነው። ለዚህ መፍትሔው የባሕር አረም አይደለም፤ ጨው ነው። ስዊዘርላንድ በ1922፣ የአሜሪካዋ ሚሺጋን በ1924 አዮዲን በጨው መጨመር ጀምረዋል። ወደ እኛ አገርም አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፤ ገበያው ከአፍዴራ በሚወጣ፣ አዮዲን በሌለው ጨው ተተካ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት! በዚያው በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙት ቤተሰቦች ከመቶ 15 ብቻ ነበሩ። በ2016 ግን 89 ደረሱ። ፈቃዱ ሲኖር በአምስት ዓመት ይህን ያህል ከተሠራ፣ በመካከሉ ላለፉት ዓመታት ማን ይጠየቃል? አዮዲን ያጣች እናት የምትወልደው ሕፃን አእምሮው ሊጎዳ ይችላል፤ ያም ጉዳት ኋላ በሚሰጥ ጨው አይመለስም። ስለ ጦርነቱ ሲጻፍ ይህ ኪሳራ ሲቆጠር አላየሁም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የቆየ እንቅርት ላለበት ሰው፣ በተለይ ለአረጋዊ፣ የባሕር አረም እንክብል አትላኩ። ገንዘቡን ለሐኪምና ለደም ምርመራ ላኩት። አገር ቤት ላሉት፣ አዮዲን ያለውን ጨው ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው እንዲያስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል እንዲጨምሩት ንገሯቸው። ጨው ማብዛት ግን አያስፈልግም። እዚህ ያላችሁ እኅቶች ደግሞ ልጅ ስታስቡ፣ የምትገዙት «የባሕር ጨው» አብዛኛውን ጊዜ አዮዲን እንደሌለው እወቁና የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ።

እናቴ ዛሬ ደኅና ናት። ስልክ ስደውልላት እየሳቀች «ልጄ፣ ከእንግዲህ ፎቶህን ብቻ ላክልኝ» ትለኛለች። እኔ ግን መሳቅ አልችልም።

ቸር ይግጠመን።