ያውቁ ኖሯል? ቦዮና ጎረቤቶቹ

የሀዲያው ቦዮ ሐይቅ ልኩ አይታወቅም ቢባል ማጋነን አይደለም። ከሆሳዕና ደጋ ወደ ምሥራቅ ወርደው ሻሾጎ ወረዳ ሲደርሱ ክረምት ከሆነ ውሃው ሜዳውን ውጦ ያገኙታል። በጋው ሲጠና ደግሞ ይሸሽና ዳርቻው የከብት መሰማሪያ ይሆናል። «ስፋቱ ስንት ነው?» ለሚል እንግዳ ትክክለኛው መልስ «በየትኛው ወር?» የሚለው ነው።

የብሔራዊ ፓርክ ማዕረግ ባይኖረውም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለአእዋፍ ወሳኝ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 69 የአገራችን ሥፍራዎች አንዱ ቦዮ ነው።

ምክንያቱ ዋትልድ ክሬን የተባለው ወፍ ነው። ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ከ75 ይደርሳል፤ ከአፍሪካ ክሬኖች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። ከአገጩ ሥር ሁለት ነጭ ቆዳዎች ይንጠለጠሉለታል፤ ጭቃውን በምንቃሩ እየማሰ ሥራሥር ሲለቅም ይወዛወዛል። የሚበዛው በዛምቢያና በቦትስዋና ነው፤ የእኛዎቹ ከነዚያ በሺሕ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተነጥለው ይኖራሉ። ጥንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ ለቁም ነገር የሚያበቁት አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ረግረጉ ሲጠነፈፍና ሲታረስ ቁጥራቸው ቶሎ የማያገግመውም ለዚህ ነው። ማየት የፈለገ ማልዶ ይሂድ፤ ይራቅም፤ ፎቶ ለማንሳት ጎጆው ድረስ የሚጠጋን ሰው እኔ ጎብኚ አልለውም።

የአውሮፓና የሩሲያ ክሬኖችም ብርዱን ሸሽተው በእኛ በጋ ወደ ኢትዮጵያ ረግረጎች ይመጣሉ።

አካባቢውን የሚያጠጣው ብላቴ ወንዝ ከጉራጌ ተራሮች ተነስቶ ወደ ደቡብ ይወርድና አባያ ሐይቅ ይገባል።

እግር የሚያሳክከው ካለ ከምባታ ቅርብ ነው። ሀምበርቾ ተራራ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የተሠራለት ደረጃ 777 ነው። ሽቅብ እየወጡ መቁጠር ቀላል እንዳይመስልዎት!

ከጉዞው በፊት ሆሳዕና ላይ አታካና ይቅመሱ፦ በቅቤ የተሠራ የእንሰት ቡላ ነው፤ እስከ ማታ ይይዛል። እንሰትን ለምግብ የሚያለማ አገር ከኢትዮጵያ ሌላ የለም።

የፓርክ በርና ትኬት የግድ ካሉ ደግሞ ከሻሸመኔ በስተሰሜን አብያታ ሻላ አለልዎት። ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ በኢትዮጵያ የሚበልጠው ሐይቅ የለም። ቦዮ ግን ጥልቀት የለውም፤ ወፎቹ ቆመው የሚመገቡትም ስለዚህ ነው።